አንድ ሰው የቀረበት ቤት

በዚያ ዘመን፣ በካፋ ደን መሃል በተቆረቆረችው አዲስ ከተማ፣ አንድ ሰው ብቻ የቀረበት ቤት ፈርሶ ቦታው ለደኑ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ አሰለፈች የሟች ባላቸውን ቦቲ ጫማ በየማለዳው ጭቃ እያስነኩ በራፍ ላይ ያቆሙት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት የቤት ተቆጣጣሪ መጣች።

«ባለቤትዎ አሉ፣ እማማ?»

«ማር ሊቆርጥ ወጥቷል።»

«እስኪመጡ ልጠብቃቸው?»

እምቢ ማለት ነበረባቸው። ግን እዚያ ቤት እንግዳ ከገባ ስንት ጊዜው! ወንበር ሳቡላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቷ፣ ጓሮውን ስለወረሩት ጉሬዛዎች ሲጨዋወቱ መሸ።

ልጅቷ «በቃ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብላ ተነሣች።

አሰለፈች እጇን ያዙ።

«አይመጣም፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የምትጽፊውን ጻፊ» አሏት። «እራት ግን አብረን እንብላ።»