ፈይሰል ያልቀመሰው ሐላዋ

ፈይሰል ማማሰያውን ከድስቱ ያወጣና ይልሰዋል። ሱቁ በር ላይ ቆሜ እያየሁት መሆኔን አላወቀም። እንደገና ይነክርና እንደገና ይልሳል።

«ጣፈጠህ?» እለዋለሁ።

ደንግጦ ይዞራል። ታናሽ ወንድሜ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሲያጠፋ ግን ፊቱ አሁንም የልጅ ፊት ነው። «ዋፊቃ! ኧረ ቀመስኩ እንጂ አልበላሁም። ቀምሼ እተፋዋለሁ። በረመዳን እንኳ ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ቀምሳ ብትተፋ ፆሟ አይፈርስም።»

«ስትተፋ አላየሁህማ።»

ማማሰያውን ወደ ድስቱ ይመልሳል። አላህ እንደሚያዝንለት አልጠራጠርም፤ የስኳር በሽታ ግን ከማንም ጋር አይደራደርም።

ህንድ አገር ሄደን ከጉበቴ ቆርጠው ከሰጡት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። የኔም የሱም መልሶ አድጓል ተባልን። አልሃምዱሊላህ ብለን ሳንጨርስ ስኳር መጣ። ያመጣው ሰውነቱ ጉበቴን እንዳይገፋው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱን ቢያቆም ደግሞ ጉበቱ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ሳይሸፋፍን ነገረን፤ ስኳሩ በዚሁ ከቀጠለ አዲሱም ጉበት ይጎዳል፣ ኩላሊቱም ይከተላል። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ የምሰጠው የለኝም። ይኸው ከሰዓት ሳይሆን ማማሰያ ይልሳል።

ጉበቱን ሐረር ሁሉ ያውቃል፤ ስንሄድ ጀጎል በሙሉ ዱዓ አድርጎልናል። ስኳሩን ግን ደብቋል። ሐላዋ ሠሪውን ስኳር ያዘው ሲባል ገበያው ይስቅብኛል ነው የሚለው። ይሳቁ! በቁምህ ይሳቁብህ እንጂ ሞተህ አያልቅሱልህ ብዬ ስንቴ ነገርኩት።

«ፈይሰል፣ እኔ ሆዴን የተቀደድኩት ለዚህ ማማሰያ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እህቴ? አባታችን ያስተማረኝ በምላሴ ነው። ሳልቀምስ መድረሱን በምን አውቃለሁ? ከዚህ ሌላ ሥራ አልችልም።»

«እኔ እቀምስልሃለሁ።»

«አንቺ?» ይስቃል። «ሄል ከዝንጅብል የማትለዪው?»

እውነቱን ነው፣ ምላስ የለኝም። እናደዳለሁ፤ ከንዴቱ በታች ግን ፍርሃት ነው ያለው። ይሄን ልጅ መቅበር አልፈልግም።

ይሄኔ እማማ አበበች ከውጪ «ቤቶች!» ይላሉ። ከሸዋ በር በእግራቸው ስለመጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከአባታችን ጀምሮ የዚህ ሱቅ ደንበኛ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ወንዶች ተራ ይጠብቃሉ።

«ፈይሰልዬ፣ ነገ የልጅ ልጄ ቀለበት ነው። አደራህን፣ እንግዳ ፊት እንዳታሳፍረኝ።»

«አላሳፍርዎትም፣ እማማ» ይልና እጁ በልማድ ወደ ማማሰያው ይሄዳል። ከድስቱ ያወጣዋል። ጫፉ ላይ የወፈረው ሐላዋ ያብለጨልጫል። አንዴ እኔን ያያል፣ አንዴ ማማሰያውን። ቢልሰው በደንበኛ ፊት ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አይልሰውም። በትንሽ ሳህን ላይ አንዲት ቁራሽ ያደርግና፣ እፍ ብሎ አብርዶ ወደ እሳቸው ይዘረጋል። «ይቅመሱልኝ።»

«ረቡዕ አይደለም እንዴ? ቅቤ ገብቶበታል?»

«የለም፣ በዘይት ነው የሠራሁት።»

«ምነው ታዲያ ዛሬ ለኔ ሰጠኸኝ? መቼም የምትቀምሰው አንተ ነህ።»

ጉንፋን ይዞት ነው ልል አፌን ስከፍት ይቀድመኛል።

«ስኳር ይዞኛል» ይላል፣ በሩ ላይ ያሉት እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከእንግዲህ አልቀምስም። እህቴ የሰጠችኝን ጉበት በገዛ ምላሴ አላበላሽም፣ ወላሂ! እርስዎ ቀምሰው እውነቱን ይንገሩኝ።»

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁ ያመልጠዋል። «ሐላዋ ሠሪውን ስኳር ያዘው!»

የፈራው መጣ። ጆሮው ድረስ ይቀላል፤ ሆኖም ሌላ ሳህን አንስቶ ለሰውየውም ይቆርስለታል። «እንካ፣ አንተም ቅመስ። ስቀህ ስትጨርስ ምን እንደጎደለው ትነግረኛለህ።»

ሰውየው አፍሮ ይቀበላል። እማማ አበበች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጊዜ ወስደው ያኝካሉ። «እውነቱን ነው ያልከኝ?»

«እውነቱን።»

«ሄሉ አንሷል።»

ሌላ ቀን ማንም እንዲህ ቢለው ሸማች አይል ጎረቤት፣ ሱቁን ዘግቶ ይጣላ ነበር። አሁን ጥርሱን ነክሶ ሄል ይወቅጣል፣ ይበትናል፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ደጋግሞ ያማስላል። እንባዬ ይመጣል፤ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞራለሁ።

«እንደገና ይሞክሩልኝ፣ እማማ።»

ሳህኑን ተቀብለው ቁራሿን አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ። ወንድሜ ዓይኑን አፋቸው ላይ ተክሎ፣ እሳቸው ባላመጡ ቁጥር ምራቁን ይውጣል።