የይመኑ ለቅሶ

ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ወንዙ ደረቀ፤ ከብት አለቀ። ከዚያ ወዲህ በኮምቦልቻ ውሃ የሚታደለው በምስጋና ሆነ። ሰው ሥራህን ከወደደልህ ቧንቧህ ይፈሳል፤ ከጠላብህ ይቆማል።

ቢያድግልኝ ከቤቱ ሆኖ በሬዲዮ ተከታታይ ታሪክ ይተርካል። ዋናው ባለታሪክ ቀልደኛው ሾፌር ይመኑ ነው። እውነተኛው ይመኑ የቢያድግልኝ ሚስት የሽታዬ ወንድም ነበር፤ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ቢያድግልኝ አድማጭ ሞቱን ሰምቶ እንዳይከፋበት ፈርቶ፣ «አሁን ድምፅሽን አታሰሚ፤ በታሪኩ ሲሞት ታለቅሽዋለሽ» ብሏት ነበር። ነገር ግን በታሪኩ ይመኑ በታመመ ቁጥር ቧንቧው ይቀጥናል፤ እሱም ደንግጦ መልሶ ያድነዋል።

ዛሬ ሽታዬ ሸሚዙን ስታጥብ፣ እሱ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ የይመኑን ሕመም ያነባል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ከአጥር ማዶ ጮኹ።

«ጋሽ ቢያድግልኝ! ደግሞ አሳመሙት? ለባልዲዎ እንኳ አያዝኑም?»

የውሃው ድምፅ ቀጠነ። ቢያድግልኝ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ። 

«ሽታዬ፣ ተሻለው ልበል?»

«ገበያ ስወጣ ‹ወንድምሽ ዛሬ ምን አለ?› እያሉኝ ይስቃሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ። እስከ መቼ?»

«ሸሚዙ ገና አልተለቀለቀም እኮ።»

«ከነሳሙናው ይድረቅ!»

መዳፉን አነሣ። የይመኑን ሞት አነበበ፤ ቀብሩንም ሳያሳጥር ተረከ። ቧንቧው አንዴ ተንፍሶ ቆመ። ሽታዬ አረፋው ባልለቀቀው እጇ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን መታች። ቢያድግልኝ ያስቀረባትን ለቅሶ ከተማው ሁሉ እንዲሰማው ማይክሮፎኑን ወደ እሷ አዞረ።