በቅርጫት የመጣው ሽማግሌ

አታምኑኝም... እንወራረድ።

እስከ መጨረሻው አንብባችሁ "ውሸታም" ካላችሁኝ ግን እቀበላለሁ።

"ይሄ ታሪክሽ ላይ ያለው ሽማግሌ ከካርቶን ተቆርጦ የወጣ ነው" አሏት ኡስታዝ ወጊህ፣ ደብተሯን እየመለሱላት።

የቋንቋ አስተማሪዋ ናቸው። ኢናስ ደግሞ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት... ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ "ደራሲ ካልሆንኩ" ብላ ቤተሰቡን ያሰለቸች።

"ምን ጎደለው ኡስታዝ? ሚስቱ ሞታበታለች፣ ያለቅሳል፣ ዱላ ይዟል..."

"ዱላውን አምኜዋለሁ። ያላመንኩት ሰውየውን ነው። አንድ ሰው እንኳ እንዲያምነው አድርጊና የትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ አወጣልሻለሁ።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ኢናስ ደግሞ ተስቆባት የምትተኛ ልጅ አይደለችም...

ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የረጋብ እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት፣ ልጃቸው ረጋብ ኩዌት ከገባ ስድስት።

ጉልበታቸው ደረጃ አልወርድ ስላላቸው በየጠዋቱ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ። ባለሱቁ ዳቦና ፉል ይጨምርበታል፣ እሳቸው ወደ ላይ ይስቡታል።

ቅርጫቱ ሲወጣም ሲወርድም... በኢናስ በረንዳ ፊት ነው የሚያልፈው።

ገባችሁ አይደል?

አንድ ጠዋት ቅርጫቱ ሽቅብ ሲያልፍ እጇን ሰደደችና ወረቀት ጣል አደረገችበት።

"ሐጅ ሺሐታ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የትራም ነጂ ነኝ። ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ሆኜ ቅርጫትዎን አያለሁ። ባለቤቴ ካሚሊያ ካረፈች ጀምሮ ቤቱ ጭር ብሏል። ጠዋት ስነሳ አሁንም 'ካሚሊያ፣ ሻይ' እላለሁ... የሚመልስልኝ የለም። እርስዎስ ጠዋት ማንን ይጠራሉ? መልስዎን ቅርጫቱ ውስጥ ይተዉልኝ፣ ከሱቁ እወስደዋለሁ።"

በማግስቱ ቅርጫቱ ሲወርድ ከባዶው ሳህን ሥር ወረቀት ነበር። ባለሱቁ ጋ ሳይደርስ መዘዘችው።

"ሐጅ፣ እኔ የምጠራው የለኝም። ስለ ካሚሊያ ይጻፉልኝ።"

ኢናስ ትራስ ነክሳ ሳቀች።

ጻፈች። ካሚሊያ ሻዩ ላይ ናና እንደምታበዛ... ካሚሊያ ስትቆጣ ሳህኑን እያንኳኳች እንደምታጥብ...

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ወጣ፣ ወረቀት ወረደ።

የሴትዮዋ መልስ ሁሌም አጭር ነው።

"ሲከፋትስ ምን ብለው ይጠሯት ነበር?"

"ስትስቅስ?"

ከዚያ አንድ ረቡዕ...

"ሐጅ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይምጡ። በሩን ክፍት አደርገዋለሁ።"

ኢናስ ቀና ብላ ስታይ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ታጥቦ ተሰጥቷል።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከጥቁር ሌላ ለብሰው ያልታዩ ሴት...

ሳቋ እዚያው ደረቀ።

ኡስታዝ ወጊህ ጋ ሮጣ "ይኸው፣ አንድ ሰው አምኖታል" ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ሐጅ ሺሐታን ልትገድለውም አስባ ነበር። "ታሞ አረፈ" የምትል አንዲት ወረቀት ትበቃለች... ብዕር አንስታ፣ እኚህን ሴት ሁለተኛ ለቅሶ ላስቀምጣቸው ነው ወይ ብላ ተወችው።

ዓርብ ደረጃውን ወጣች።

በሩ ክፍት ነው። ሴትዮዋ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ... ናና የበዛበት።

"እማማ..." አለችና እንባዋ ቀደማት። "ሐጅ ሺሐታ የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ተቀመጪ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።"

"እ?"

"አንቺ ቀበጥ፣ ገመዱን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ዓሣ እንደነከሰው ሲጎተት አይሰማኝም?"

"ቀሚሱስ ታዲያ?"

"ላንቺ ነው። እንግዳ መጥቶብኝ አያውቅማ።"

ኢናስ ተቀመጠች።

"ገመዱ ባይነግረኝም ወረቀቱ ይነግረኝ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "የሚስቱን ስም ጻፍሽ።"

"ቢጽፍ ምን አለበት?"

"በእሱ ዕድሜ ያለ የኛ ወንድ የሚስቱን ስም ለባዕድ አያወጣም። 'የቤት ሰዎች' ነው የሚላት። 'የቤት ሰዎች አመማቸው'... 'የቤት ሰዎች ምሳ ሠሩ'... የረጋብ አባት አርባ አንድ ዓመት አብሮኝ ሲኖር፣ እኔ ብቻዬን ሰዎች ነበርኩ። ሁለታችን ስንሆን ደግሞ 'የረጋብ እናት'። ክፉ ሰው አልነበረም። ልማዱ ነው።"

"እያወቁ ለምን ይመልሱልኝ ነበር?"

ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሰውየው ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን... ጠዋት ተነስቶ ሚስቱን በስሟ የሚጠራ ወንድ፣ ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።"



ኢናስ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ሕንፃ ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ "የረጋብ እናት" ስትል ኖራለች። ለሌለች ሴት ስም አውጥታ... ላለችው ጠይቃ አታውቅም።

"እማማ... ስምዎ ማነው?"

 ስሙን ከሩቅ የሚያመጡት ይመስል ቀስ ብለው አሉት።

"ዙሙሩዳ።"

ኢናስ አስፈቅዳቸው ታሪኩን እንደ አዲስ ጻፈችው። ሽማግሌው ወጣ። ዱላውም ወጣ። ቅርጫት የምታወርድ አንዲት ሴት ገባች።

ኡስታዝ ወጊህ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይቺን ሴት የት አገኘሻት?"

"አራተኛ ፎቅ።"

መጽሔቱ የወጣ ቀን አንዱን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ሽፋኑ ላይ "ለወይዘሮ ዙሙሩዳ" ብላ ጽፋበታለች።

ቅርጫቱ ወጣ... ብዙ ቆየ።

ሲወርድ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዟል።

"ሐጅን ሰላም በይልኝ። ዙሙሩዳ ነኝ።"

ትምህርቱ፦ ሰው የሚያምነው ሰው መፍጠር የፈለገ፣ መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ሰው ስም ይጠይቅ።

እናንተስ... የሰፈራችሁን "የእገሌ እናት" ስም ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ስሟን ብቻ ጻፉልኝ።

ካላወቃችሁት ዛሬውኑ ጠይቋት... ከዚያ ይቺን ታሪክ እናቶችን በልጃቸው ስም ብቻ ለሚጠራ አንድ ሰው አሻግሩልኝ።