አራራይ በደለል ፊት

ዘመናትን በመዳፉ የያዘ፣ ከጥልቁ በታች ያለውንም የሚያይ እግዚአብሔር ይህን ያውቃል።

የነሐሴ ጉም የጉማራን ወንዝ ውጦታል። ቢተው ሞተሩን አለዝቦ ጀልባዋን ወደ ድልድዩ ይነዳል፤ በዚያ ወደ ወረታ የምትወስድ አምቡላንስ ትጠብቃለች። ልጁ ውባንቺ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ከጀልባዋ ወለል ላይ ጋቢ ለብሳ ተኝታለች። ደለል ላይ ቢቀረቀሩ የሚጎትታቸው የለም፤ የፎገራ ሜዳ እንዳለ ባሕር ሆኗል።

ከፊት ቆማ ውሃውን በረጅም ዘንግ የምትለካው ጽጌሬዳ ናት። ሥራው እስከ መጋቢት ድረስ የአባቷ የመሪጌታ በእውቀቱ ነበር። እርሳቸው ልኩን አይናገሩም ነበር፤ በያሬድ ዜማ ያዜሙት ነበር፦ ጥልቅ ሲሆን በዕዝል፣ መካከለኛ ሲሆን በግእዝ፣ ደለል ሲቀርብ በአራራይ። አሁን በቁሐር ሚካኤል ዐጸድ ዐርፈዋል።

ሲነሡ ቢተው «አንቺስ አታዜሚም?» ብሏት ነበር።

«ጋሼ፣ የእኔ ድምፅ ዓሣውን ያሰድደዋል። ልኩን ልንገርዎት፤ ይበቃል።»

አሁን ዘንጉን ሰደደች። «ጥልቅ ነው!»

ቢተው ግን ሞተሩን አጠፋ።

«ምነው ቆሙ?»

«በቃልሽ ጥልቅ ትያለሽ፣ በዜማሽ ደለል። የቱን ልመን?»

«እኔ አላዜምሁም።»

ጆሯቸውን ሰጡ። ከፊታቸው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጭን አራራይ ይሰማል፤ ለትንፋሽ እንኳ አያርፍም።

ቢተው ጀልባዋን በመቅዘፊያ ወደ ግራ አዞራት። የደለሉ ጀርባ በቀኛቸው፣ በክንድ ርቀት አለፈ፤ ዘንጉ ጥልቅ ካለበት ሁለት ርምጃ እንኳ አይርቅም። ትናንት በዚያ ቦታ አልነበረም።

ያን ጊዜ ድምፁ ወረደ፤ ዕዝል ሆነ። ቢተው ሞተሩን አስነሣ፤ ዜማው ግን በሞተሩ ጩኸት አልተሸፈነም። ጽጌሬዳ ዘንጉን ከውሃው አወጣች፤ ዳግመኛም አልሰደደችውም።

ውባንቺ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ «አባየ፣ መሪጌታን ጠጋ ይበሉ በሏቸው፤ ልብሳቸው እኮ ርሷል» አለች።

ማንም ዘወር ብሎ አላየም። ድልድዩ ከጉሙ ውስጥ ጠቆረ፤ በላዩም የአምቡላንሷ መብራት ቀላ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቤታችሁ የሕፃን ድምፅ አይጣ፤ ከማታዩትም ደለል ፊት የሚያዜምላችሁን እግዚአብሔር አያሳጣችሁ።