አግራዳብሌ

ኩባ ተምሮ የመጣው ተርጓሚ ደብዳቤውን አንዴ አነበበና መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። ፊቱ የተቀመጠችው እናት ከወልድያ ነው የመጣችው። ልጇ ስፔን ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤውን የላከችው ቤት ያከራየችው ሴት ናት። እናትየው የጥሪ ወረቀት መሆኑን ስላልተጠራጠረች፣ ለቪዛው ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጎምላት ፈልጋለች።

«ምን ይላል፣ ወንድሜ?»

«አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው» አላት። «አግራዳብሌ ይላል፤ ስለ ልጅሽ ነው። ደስ የሚል፣ አብረውት ቢውሉ የማይሰለች እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ አቻ አለው፤ የትኛው እንደሚስማማው እያሰብኩ ነው።»

ፊቷ በራ። «እውነቷን ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳቂታ ነው። አትቸኩል፣ ጥሩውን ፈልግለት።»

መዝገበ ቃላቱን ከመሳቢያ አወጣ። አንድ ቃል ጽፎ ሰረዘ፤ ሌላ ጻፈና እሱንም ሰረዘ። እሷ እጇን አጣጥፋ በትዕግሥት ትጠብቀዋለች። እሱ ግን ዓይኑን ከመጀመሪያው መስመር መንቀል አልቻለም።

«ልጅሽ በጣም ደስ የሚል ሰው ነበር» ይላል ደብዳቤው፤ «ማክሰኞ ዕለት ቀበርነው።»

«አገኘኸው?» አለችው።