የጋሽ ማናሴ ሰዓት

ጋሽ ማናሴ ያንን ውድ የስዊዘርላንድ ሰዓት ለአራተኛ ጊዜ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወንበር ሲስቡ፣ የኦብሴ ትዕግስት አለቀ። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ሰዓት አዳሾች ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ሙያውንም ማንም ሳያስተምራት እየፈታች እየገጠመች ነው ያወቀችው። አሁን ግን ሰፈሩ «የልጅቷ እጅ አበላሸው» ማለት ጀምሯል።

«ሦስት ቀን እጄ ላይ አስሬው አንዲት ሰከንድ አላዛነፈም» አለች።

«እኔ ሳስረው በማግስቱ ይቆማል። ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ነው የወጣው ብለሽ ፈርሚልኝና ለሻጩ ልመልሰው።»

«ደህናውን ሰዓት ብልሽት አለበት ብዬ አልፈርምም! ይሄ ባትሪ የለውም፣ ጋሼ። የሚሞላው በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ሐውልት ተገትረው ነው እንዴ የሚውሉት?»

«እኔ? ከቤቴ እዚህ ድረስ በእግሬ የምመጣው ሰውዬ?»

«እንግዲያው እጅዎ ላይ ያድርጉትና ያወዛውዙ፤ እቀርጽዎታለሁ።»

ጋሽ ማናሴ ሰዓቱን አስረው በእልህ ማወዛወዝ ጀመሩ። ኦብሴ «ከፍ! ዝቅ! እንደሱ!» እያለች አንድ ደቂቃ ሙሉ በስልኳ ቀረጸች፤ ከዚያ አብረው እንዲያዩት ከፈተችው።

ቪዲዮው ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። «ከፍ! ዝቅ!» የሚለው የራሷ ድምፅም ይሰማል። ሰዓቱ ባንኮኒው ላይ ተጋድሟል፤ ከማዶ ጋሽ ማናሴ የተቀመጡበት ወንበር ባዶ ነው።

ጋሽ ማናሴ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይኸው!» አሉ። «እኔ ይሄን ያህል ሳወዛውዘው እሱ ንቅንቅ አላለም። በይ አሁን ፈርሚልኝ።»