ጓዴ ለምን እህል አልቀምስ አለ?

«ሰውዬ! ውሻዬን ምን አብልተኸው ነው?!»

ሊፍት ጠጋኙ የውሻ ማቆያውን የብረት በር በቡጢ ይደበድባል...

ብቻውን አልነበረም። ሰሞኑን ውሻቸውን እዚያ ያስቀመጡ ጎረቤቶች ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። የሁሉም ውሻ ሲጋራ እንደጨረሰው ሽማግሌ ያስላል!

የማቆያው ባለቤት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው... አንድ የታመመ ውሻ ሳላስመረምር ተቀበልኩ። ከአንድ ገንዳ ስለሚጠጡ ለሁሉም ተዳረሰ። ማሳከሙ በኔ ነው።»

መቼም ጥፋቱን ባመነ ሰው ላይ መጮህ ይከብዳል... ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ።

መድኃኒቱም ሠራ። የጎረቤት ውሾች ወዲያው አገግመው ድመት ማባረር ጀመሩ።

የሊፍት ጠጋኙ ውሻ ጓዴ ግን...

ሳሉ ለቀቀው፣ እህል ግን አልቀምስ አለ።

ሥጋ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል... ወተት ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል... ኩሽናው በር ላይ ተጋድሞ አንዲት ባዶ ወንበር ያያል። አጥንቱ ገጦ ይቆጠራል።

ሰውዬው ጭንቅ ጥብብ አለው። እናቱ ከቡችላነቱ ጀምራ ያሳደገችው ውሻ እጁ ላይ ሊሞትበት ነው!

ተሸክሞ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰደው።

ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ድዱን ገልጣ አየች።

«ወንድሜ፣ ምንም በሽታ የለውም። ቤት ውስጥ የሚያበላው ማን ነበር?»

«እናቴ።»

«ታዲያ አሁንስ እሳቸው ለምን አያበሉትም?»

ሊፍት ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠራረገ...

«እ... አሁን ቤት የለችም።»

ነገሩ እንዲህ ነው...

ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ ውሻውን ማቆያ፣ እናቱን ደግሞ የአረጋውያን ማረፊያ አስገብቶ ነበር።

«እስክመለስ ነው እማ» አላት።

«ጓዴስ?»

«እሱም እስክመለስ ነው።»

ተመለሰ። በነጋታው ሮጦ ሄዶ ውሻውን አወጣ...

እናቱን ግን አላወጣም!

ቆይ፣ አትፍረዱበት። አንድ ቀን ምድጃ ሳታጠፋ ተኝታ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። «እዚያ ጠባቂ አላት፣ ይመቻታል» ብሎ ራሱን አሳመነ። ዛሬ ነገ እያለ መሄዱን አራዘመው።

ከሐኪሟ ተመልሶ ጓዴን እንዳስተኛው ስልኩ ጠራ። የማረፊያው ተንከባካቢ ናት።

«ወንድሜ፣ እናትህ ምግብ እምቢ ብለዋል... ደግሞ እንዴት ልበልህ... አእምሯቸው ትንሽ ሳይነካ አይቀርም።»

«ምን አደረገች?!»

«ምግብ በቀረበ ቁጥር ሳህኑን በማንኪያ ያንኳኳሉ። ከዚያ በሩን በሩን ያያሉ... እህል ግን ወይ ፍንክች! ይኸው አሁንም ጀመሩ፣ ስማ!»

ስልኩን ወደ እናቱ አስጠጋችው።

ኳ... ኳ... ኳ...

ጓዴ ጆሮውን አቆመ!

አልነሳም ያለው ውሻ ተንገዳግዶ ተነሳ። ጭራውን እየቆላ መጥቶ አፍንጫውን ስልኩ ላይ ለጠፈው... እንደ ልጅ ይነፋረቅ ጀመር።

ሰውዬው ባለበት ደርቆ ቀረ።

ያቺ ኳኳታ! እናቱ ለመብላት ስትቀመጥ ሳህኗን አንኳኩታ ጓዴን ትጠራዋለች። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሱ ሳትሰጥ አትቀምስም። «እማ፣ በፈጠረሽ ይህን ነገር ተዪኝ! ራሴን አመመኝ!» እያለ ስንቴ ተነጫንጮባታል...

ከተመለሰ ጀምሮ ቤቱ ለምን ጭር እንዳለበት አሁን ገባው። ለካ እሱንም እናቱ ናፍቃው ኖሯል።

«እማ...»

ማንኳኳቱ ቆመ።

«ልጄ? መጣህ እንዴ?... ጓዴ በላ? አንተስ በላህ?»

እንባው ቀደመው።

«አልበላንም እማ... አንቺን እየጠበቅን ነው። ጫማሽን አድርጊ፣ መጣሁ!»

እናቱን ቤት መለሳት፣ ጓዴም የመጀመሪያውን ቁራሽ ከእጇ በላ። በዚያው ሳምንት ምድጃው ላይ በራሱ የሚጠፋ ማብሪያ ገጠመ። የከተማውን ሊፍት ሁሉ ሲጠግን የሚውል ሰው አንዲት ምድጃ አቅታው ነበር በሉ!

ወዳጆቼ... ሳል ሽሮፕ አለው። ናፍቆት ግን ከመገናኘት ሌላ መድኃኒት የለውም። «ይመቻታል» ብለን ያስቀመጥናት እናት በር በሩን እያየች ይሆናል።

እናንተስ? ያኔ ስትሰሙት ያናድዳችሁ የነበረ፣ ዛሬ ግን የናፈቃችሁ የማን ድምፅ ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ሰውየው በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ደውሉለት።